ሊቀመንበር የሚባለው በሬ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

የመመረቂያ ጥናቴን ዛሬ አስገባሁ። ሽፋኑ ላይ «በተፍኪ አካባቢ የሚዘፈኑ የአውድማ ዘፈኖች» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም፣ ላሊሴ ዳዲ። አማካሪዬ ዶክተር አትክልት ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱትና ጥናቴን ቆሜ እስከማስረዳበት እስከ ዲፌንሱ ድረስ እንቅልፌን እንድጠግብ መከሩኝ። ፊቴ ምን ቢመስል ነው?

አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ተምሬ በመጨረሻ የጻፍኩት ስለ አባቴ ነው። የበቾ ሜዳ በሙሉ በኮምባይነር እየታጨደ አባዬ ግን የጠባቧን ማሳችንን እህል ዛሬም በበሬ ይወቃል፤ በሬዎቹን አውድማው ላይ እያዞረ ይዘፍናል። ግማሹ ኦሮምኛ ነው፣ ግማሹ አማርኛ፤ መሀል ላይ ቋንቋ መቀየሩን ራሱም ልብ አይለውም። በታኅሣሥ ሄጄ በስልኬ ቀዳሁት። መሪው በሬ ከድሮው የቀበሌ ሊቀመንበር ስለተገዛ ስሙ ሊቀመንበር ነው፤ እና እንዲህ ይለዋል፦

ሊቀመንበር በሬ ስብሰባ አታብዛ፣
ዙር እንጂ አውድማውን ምርቱ እንዲበዛ።

ዶክተር አትክልት ረቂቁ ላይ ይህን ሲያነቡ ብቻቸውን ሲስቁ አይቻለሁ። ስለ አጎቴ ስለ ሌንጮ ያለውን ግን ሲያነቡ ዝም ብለው ገጹን ገለበጡ። ሌንጮ አምና ነው ያረፈው።

ሐኒም ዛሬ ታስገባለች ብዬ ጠብቄያት ነበር፤ አልመጣችም። ሐኒ ጓደኛዬ ናት፤ በአማርኛ ደግሞ ክፍሉን በሙሉ ታስከነዳለች፤ ሁላችንም የጻፍነውን ለእሷ ካላሳየን አናምነውም። የእኔንም በየካቲት ሙሉውን ልኬላት አቃንታ መልሳልኛለች። እሷ ቡራዩ፣ እኔ ሰበታ እህቴ ደራርቱ ጋ፤ ግቢ ካልተገናኘን አንገናኝም። ከጥር ወዲህ ደግሞ ግቢም የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ታክሲ ውስጥ ነኝ።

ዶክተር አትክልት ጠሩኝ። ሁለት ጥናት ገብቷል፣ ሦስተኛው ምዕራፍ አንድ ዓይነት ነው። ቃል በቃል። የሌላውን ባለቤት አልነገሩኝም። ጽሑፍሽን ለማን ሰጥተሽ ነበር? አሉኝ።

ለማንም፣ አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ደንግጬ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

የክፍል ተጠሪያችን ዳኜ ደወለ። ከእሱ የሚደበቅ ወሬ የለም። ሌላኛው ጥናት የሐኒ ነው አለኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አማኑ የእሷ አማካሪ ናቸው፤ ከእኔ ቀድማ በኢሜይል ልካላቸዋለች። ስለዚህ በቀን ከተሄደ ቀጂዋ እኔ ነኝ።

ለሐኒ ደጋግሜ ደወልኩ። አታነሳም። ቡራዩ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል።

እያሰብኩት ነው። ቃል ግጥም እኮ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ አንደኛ ዓመት ላይ መጀመሪያ የተማርነው ይህንኑ ነው። ዘፈን ከገበያ ገበያ ይዞራል። ሐኒ ሌላ ቦታ ሄዳ ተመሳሳይ ነገር አግኝታ ሊሆን ይችላል። የእኔን ስታርም ደግሞ የራሷን የአጻጻፍ መንገድ ስለሰጠችኝ ነው የተመሳሰለው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የራሴን ሻካራ አማርኛ እንዳለ መተው ነበረብኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ዶክተር አማኑ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቁጭ በይ አሉኝ፣ ውኃ አቀረቡልኝ። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ዘርግተው አንድ ዓረፍተ ነገር አነበቡልኝ፦ «ዘፋኙ በሬውን ሲያሞግስ ራሱንም ከድካሙ ያዘናጋል።» ይሄ የአንቺ ነው? አሉኝ።

ሐሳቡ የእኔ ነው። «ያዘናጋል» የምትለዋን ቃል ያመጣችው ሐኒ ናት፤ እኔ የጻፍኩት «ያስረሳል» ብዬ ነበር። ለመመለስ ትንሽ ቆየሁ። እሳቸውም ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

«እንዲህ ያለ አማርኛ የሐኒን ብዕር ነው የሚመስለው» አሉኝ፤ ቀስ ብለው፣ እኔን ላለማስቀየም እየተጠነቀቁ። ያ ጥንቃቄያቸው የበለጠ አመመኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ አማርኛ የተማርኩት ከአጎቴ ከሌንጮ አፍ ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። አላልኩም።

የሐኒን ገጽ አሳዩኝ። ዘፋኙ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ የሱሉልታ አዛውንት» ተብሏል። ስለ ሌንጮ የተባለውም አለ። በሬውም አለ፤ ሊቀመንበር።

መቼም ሱሉልታ ውስጥም ከሊቀመንበር በሬ የገዛ ገበሬ አይጠፋም። ሊቀመንበር የሌለው ቀበሌ የለም።

ግንቦት 18 ኮሚቴ ይቀመጣል። ሁለታችንም የመስክ የድምፅ ቅጂያችንን ይዘን እንድንቀርብ ታዘናል፤ እስከዚያ የሁለታችንም ዲፌንስ ታግዷል። ቀጂ ሆኖ የተገኘ ከትምህርት ሊሰናበት እንደሚችል ነገሩኝ። ሊሰናበት። አራተኛ ዓመት ላይ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ደራርቱ ከፋብሪካ ስትመለስ ነገርኳት። እህቴ ነገር መጠምዘዝ አታውቅም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ ስልክሽ ውስጥ እየዘፈነ ነው አይደል? አንቺም እየጠየቅሽው ነው አይደል? አሰሚያቸውና ይለቅ» አለችኝ።

የድምፁ ጥራት አያስተማምንም አልኳት። ሜዳው ላይ ነፋስ ነበር።

«የቱ ነፋስ?»

አውድማ ያለ ነፋስ ይሆናል እንዴ? አልኳት። ገለባው የሚለየው በነፋስ ነው። ለረጅም ጊዜ አየችኝና ራት ልትሠራ ሄደች።

ከሐኒ መልእክት መጣ፦ «ሰሞኑን እደውልልሻለሁ። አትናደጂብኝ።» በመጥፋቷ ማለቷ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ቤተ መጻሕፍት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ። ሁለት የክፍላችን ልጆች፦

«ላሊሴ በዚህ አማርኛ ትጽፋለች? ቀልድ ነው።»

«ሐኒ ደግሞ መቼ ነው ሱሉልታ የሄደችው? ከጥር ጀምሮ ክፍል እንኳ በወጉ አልገባችም እኮ።»

ሁለቱንም ሰማሁ። ለመጀመሪያው ተናደድኩ። ሁለተኛውን አልሰማሁም ብዬ መጽሐፉን መለስኩና ወጣሁ። ለካ መጀመሪያም ከመደርደሪያው ያወጣሁት ትክክለኛውን መጽሐፍ አልነበረም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ተፍኪ፣ ከእኛ ቤት። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ አሁን ትመጣለች።

ዝናቡ ቀድሞ መጥቶ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። አባዬ ደጅ ላይ ተቀምጦ የቀንበሩን ጠፍር ያጠብቃል። ችግሩን አልነገርኩትም፤ ለዲፌንስ እንደሚጠይቁኝ አድርጌ ስለ ሌንጮ የተባለችውን ግጥም አነሳሁበት። ያወራነው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

ግጥሟ እንዲህ ናት፦

ኮቱ ብልህ ዝም፣ ና ብልህም ዝም፣
የሄድክበት አገር ቋንቋውን አላውቅም።

«ይህን ሌላም ሰው ይዘፍነዋል?» አልኩት።

«ከየት ሰምቶት?» አለኝ።

ከዚያ ራሱ ነገረኝ። ሌንጮ ወታደር ቤት ብዙ ስለኖረ አማርኛ ይቀናዋል፤ አባዬ በኦሮምኛ ሲያወጣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፤ ሌንጮ ከወታደር ቤት ከተመለሰ ጀምሮ አውድማ ላይ እንዲህ ነበሩ። እሱ ካረፈ በኋላ የመጀመሪያው ውቂያ ላይ አባዬ እንደ ልማዱ አወጣ፣ ከማዶ የሚመልስ ጠፋ። አፉ ላይ «ኮቱ» መጣለት። ና ማለት ነው፤ በሬም ሰውም እንዲያ ይጠራል። ሌንጮ ስለሆነ ደግሞ «ና»ም አለው። ጎረቤቶቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። በሬዎቹ ብቻ መዞራቸውን አላቆሙም። «አፈርኩ» አለኝ። «ታኅሣሥ ላይ ስልክሽን ይዘሽ ስትመጪ ግን፣ መቼም የእኔው ልጅ ናት አልኩና ደገምኩት። ከዚያ ወዲህ አላልኩትም።»

ጠፍሩን በጥርሱ ይዞ አጠበቀው።

ሱሉልታ ውስጥም ወንድሙ የሞተበት ሰው ይኖራል። ኦሮምኛና አማርኛ የሚቀላቅልም ሞልቷል። ይህን እየጻፍኩ እማዬ ገባች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ቡራዩ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለደራርቱ አልነገርኳትም፤ ለራሴም አልነገርኩትም። ከአስኮ ታክሲ ይዤ ወረድኩና ቤታቸውን እየጠየቅኩ አገኘሁት። እናቷ ወይዘሮ ስንዱ አስፋልቱ ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እንዳላቸው አውቃለሁ። ሱቁ ተዘግቷል። የመዝጊያው ቁልፍ አቧራ ለብሷል።

በሩን የከፈተችልኝ የጎረቤት ሴት ናት። ወይዘሮ ስንዱ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የፊታቸው ግማሽ ወረድ ብሏል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ ነው። በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለኩ ነው የወደቁት። ሐኒ ለእኔ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» እያልኩ ስጽፍ ነበር የከረምኩት።

ቃላቸው እየተጎተተ ነው የሚወጣው፤ ግን ይሰማል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው በግራ እጃቸው ጎትተው አስጠጉኝና ሳሙኝ።

«አንቺ ነሽ ላሊሴ?» አሉኝ። «ሐኒዬ ሁሌ ታነሳሻለች። ላሊሴ ባትኖር ዘንድሮ ትምህርቴን አቋርጬ ነበር ትላለች። እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ።»

ምን ይባላል? አሜን አልኩ።

ሐኒ ከመድኃኒት ቤት ተመለሰች። በሩ ላይ ቆመች። ቀጥናለች፤ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ የእናቷን ነጠላ ጫማ ተጫምታ ነበር። መድኃኒቱን በማንኪያ ሰጠቻቸው፣ አፋቸውን ጠረገችላቸው፣ ትራሱን አስተካከለች፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ አንዴም ዓይኔን አላየችም። ልትሸኘኝ ስትወጣ አጥሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ልነግርሽ ነበር» አለችኝ።

ቶሎ ብዬ፣ «ስለ እናትሽ?» አልኳት። «ብትነግሪኝማ ጥሩ ነበር። ለማስታመምም እንፈራረቅ ነበር።»

አየችኝ። ከንፈሯ ሌላ ነገር ይዞ ነበር። እኔ ግን ታክሲው ሳይሞላ ልሂድ አልኳት። ታክሲው ገና ባዶውን ነበር። ውስጡ ተቀምጬ ብዙ ጠበቅኩ፤ እሷም ከአጥሩ ጋ ብዙ ቆመች።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ለሴትየዋ ማን አለ? ከሐኒ ሌላ ማንም።

ሰኞ ቅጂውን አላሰማም። የሚሆነው ይሁን።

እንደገና፣ ከሰዓት፦ ዝም ካልኩ የምሰናበተው እኔ ነኝ። ደራርቱ እኔን ለማስተማር ነው ሌሊት ሽፍት የምትገባው።

ትምህርቷ ሊያልቅ ሲል የቀረች ልጅ ስም ማን ይባላል ብሎ ዳኜ ቀለደ። አልሳቅኩም። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝና ማስቲካ ሰጠኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ቅጂውን ከጥር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። አባዬ «ኮቱ» ሲል ዘጋሁት።

አፈርኩ ነበር ያለኝ። እያፈረ ለእኔ ደገመው። የሱሉልታ አዛውንት ሊሆን አይችልም። ስም እንዲገለጽ አልፈለገም የተባለው አባቴ ነው። ማን ጠየቀው?

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አለቀ። ስላለቀ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ስብሰባው የትምህርት ክፍሉ አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዶክተር አማኑ መሀል፣ ዶክተር አትክልት በስተቀኝ፣ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡ የማላውቃቸው መምህር በስተግራ። እኔና ሐኒ ጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ ማዶ። ደግ አድርጋ ጸጉሯን ተሠርታ፣ በደንብ ለብሳ መጥታለች። እጇ ግን ጠረጴዛው ሥር ነበር።

መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። ዘፋኙ ማን ነው?

«አባቴ ነው» አልኩ። «ኦቦ ዳዲ ይባላል። ተፍኪ።»

ዶክተር አማኑ ቅጂ እንዳለኝ ጠየቁ። እንዳለ ነገርኳቸው፤ ቀጥዬም ድምፁ ብዙም ጥሩ አይደለም፣ ነፋስ ነበር አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም። አፌ ለምዶት ነው።

«ቢሆንም እንስማው» አሉ።

ስልኩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ሐኒ አላየሁም። ቅጂውን ፈልጌ አገኘሁትና ጣቴን አስጠጋሁ። ስለ ወይዘሮ ስንዱ እጅ እያሰብኩ ነበር፤ ስለ አባዬ ጥርስና ጠፍርም። ወደኋላ እንደማልመለስ ግን ያኔ አውቄያለሁ። ልጫነው ስል ሐኒ ተናገረች።

«መምህር፣ እኔ ሱሉልታ ሄጄ አላውቅም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተሰበረም። «ሰውየውን አላውቃቸውም። የእሷ አባት ናቸው። ጽሑፉን የወሰድኩት አርሚልኝ ብላ ከላከችልኝ ላይ ነው።»

 ዶክተር አማኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ለሐኒ ያላቸውን ግምት ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊታቸው የልጁን ነገር እንደሰማ አባት ፊት ሆነ። ለምን? ብለው ጠየቋት። እሷም ነገረቻቸው፤ የእናቷን መውደቅ፣ ሱቁን፣ ሐኪም ቤቱን፣ ለመስክ ሥራ መውጣት እንዳልቻለች፣ አራዝሙልኝ ብሎ መጠየቅ እንዳሳፈራት። ራሷን ነፃ ለማውጣት አልነበረም የምትናገረው፤ ሰው የተጠየቀውን ብቻ እንደሚመልስ ነበር።

ዶክተር አማኑ ወደ እኔ ዞሩ። «ለማንኛውም አጫውቺው» አሉኝ። «ልስማቸው።»

ተጫንኩት። አባዬ አዳራሹን ሞላው። ሊቀመንበርን ሲገሥጸው ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡት መምህር ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ኮቱ፣ ከዚያ ና። ሐኒ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ እኔም።

ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረበትም። የበሬዎቹ ኮቴ እንኳ ተለይቶ ይሰማል።

ውጭ አቆዩንና ቆይተው አስገቡን። የሐኒ ጥናት ተሰርዟል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት በአዲስ ርዕስ ትሠራለች። ከእኛ ጋር አትመረቅም። ግን አትሰናበትም፤ ራሷ በመናገሯ። የእኔ ዲፌንስ ሰኔ 5 ነው። ዶክተር አማኑ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝና ስለዚያች «ያዘናጋል» ስለምትለው ቃል ይቅርታ ጠየቁኝ። ቃሏ እውነትም የሐኒ ነች አልኳቸው። ሁለታችንም መሳቅ አለመሳቅ ግራ ገባን።

ሐኒ ቀድማ ሄደች። አልተከተልኳትም። ተናድጄ ነበር፤ እስካሁንም ነኝ። ግን ሰበታ እስክደርስ ታክሲው ውስጥ በረጅሙ ስተነፍስ ጎኔ ያሉት ሴትዮ «ደህና ነሽ?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ዶክተር አትክልት አስጠሩኝ። እንኳን ደስ አለሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ከመጀመሪያው ቀን ታውቂ ነበር» አሉኝ።

አይ፣ እኔ የመሰለኝ ቃል ግጥም ስለሚዞር…

«ላሊሴ።»

መሳቢያቸውን አየሁ።

«ለጓደኛሽ ብለሽ የራስሽን ብትተዪ መብትሽ ነው» አሉኝ። «የአባትሽን ግን ማን ፈቀደልሽ?»

 መልሴን አልጠበቁም። ቆይተው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የግርጌ ማስታወሻ እንደጎደለ አሳዩኝና ወደ ሥራ ተመለስን። ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ሰው በደንብ ሲቆጣሽ ከትከሻሽ የወረደ ነገር ያለ ይመስላል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ተፍኪ። ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ማሳ ሊሄድ ተነሥቶ የነበረው ሰው መልሶ ተቀመጠ።

«ለሌንጮ ያልኩትን ሱሉልታ ወሰዱት?» አለ።

«አዎ።»

«ሊቀመንበርንስ?»

«እሱንም።»

ወደ በረቱ አየና መሳቅ ጀመረ። እዚህ አርሶ ሱሉልታ ድረስ የሚሄድ በሬ ከሆነ ገለባ ይጨመርለት አለ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ተለወጠ። የልጅቷ እናት እጅ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጣቶቻቸው ጀምረዋል አልኩት። ይህን ያወቅሁት ሐኒ ትናንት በጻፈችልኝ መልእክት ነው፤ ሌላ ምንም አልጻፈችም፤ «የእማ ጣቶች ተንቀሳቀሱ» ብቻ።

ስልኳን ስጪኝ አለ አባዬ። እኔ አይሆንም ስል፣ እሷ ራሷ ደውላ ይቅርታ ልትጠይቅ ይገባታል ስል፣ እሱ ለእህቴ ደውሎ ቁጥሩን ተቀበለና ደወለላት። በተሰባበረ አማርኛው ረጅም ሰዓት አወራት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። እሱ ግን «አይዞሽ ኢንታላኮ» ሲል ሰማሁ። ኢንታላኮ ልጄ ማለት ነው። ቅናት መጣብኝ፤ እጽፈዋለሁ፣ መጣብኝ።

ከዘጋ በኋላ፣ «ስሜን አጥፍታ ነበር፣ ስሜን ጠርታ ይቅርታ አለች። በቃ» አለኝ። ተነሥቶም ማሳው ሄደ።

እኔ እንደ እሱ አይደለሁም። ጊዜ ይወስድብኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ነገ። አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል፣ የመግቢያውን ዓረፍተ ነገር እረሳዋለሁ። ደራርቱ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳልኛለች። እጅጌው ረዝሞኛል፤ ልጠቅልለው ብዬ ጠቀለልኩት፣ ፈታሁት።

መውጫ ፈተናም ከኋላ እየመጣ ነው። እሱን ነገ ማታ እፈራለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ተፍኪ። ረፋዱ ላይ ነው፣ ገና ከመነሳቴ።

ትናንት አለፍኩ። የመግቢያ ዓረፍተ ነገሬን እንደፈራሁት ረሳሁት። ዝም ብዬ ቆሜ ሳለሁ ፈታኙ፣ ኮምባይነሩ ሁሉንም ሲያጭድ ዘፈኑ የት ይሄዳል? ብለው ጠየቁኝ። የተዘጋጀሁበትን መልስ ትቼ፣ አላውቅም፣ የአባቴ ግን ለጊዜው እኔ ጋ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አፌ ተከፈተ፤ እስኪያስቆሙኝ አወራሁ። ዳኜ ከውጤቱ በፊት ነው ማጨብጨብ የጀመረው።

ሐኒ መጥታ ነበር። ከኋላ ወንበር፣ በሩ አጠገብ። ትመጣለች ያለ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ ዞረው ሲያዩዋት አንገቷን አልደፋችም። ስንወጣ ውኃ ገዝታ ሰጠችኝ፤ ጨረስኩት። እስከ ታክሲው አብረን ሄድን። ስለ አዲሱ ርዕሷ ነገረችኝ፤ ቡራዩ አስፋልት ዳር ነጋዴዎቹ ገዢ የሚጠሩበትን ቃል ልትሰበስብ ነው፤ ጨርቅ ሻጩ እንዴት ይላል፣ ድንች ሻጯ እንዴት ትላለች። እናቷ ሱቁን ከፍተው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀምረዋል፤ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ እሳቸው ናቸው። «በስማቸው ነው የምጽፈው» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት።

ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የአስኮ ታክሲ ሲመጣ ግን ቦርሳዋ በሩ ላይ ተይዞባት ነበር፤ አላቅቄላት ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኳት፤ እንደ ድሮው። ዞራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ከአየር ጤና የቱሉ ቦሎ አውቶቡስ ያዝኩ። ሰበታ እወርዳለሁ ብዬ ለረዳቱ ነግሬዋለሁ፤ መንገዱ ላይ ነው። መስኮት ዳር ቦታ አገኘሁ፣ ጥናቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ቀጥሎ የማስታውሰው ረዳቱ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው። ሰበታ አልፏል፤ ሦስቴ ጠርቼሽ አልሰማሽም አለኝ፤ ተሳፋሪው ይስቃል። ውጭው ሜዳ ነበር፣ የታረሰ ጥቁር አፈር፣ ዝናብ የጠጣ። ተፍኪ ልንገባ ነበር።

ወረድኩ። ለደራርቱ ደውዬ ስነግራት እየጮኸች እንኳን ደስ አለሽ አለችኝና፣ የሠራሁልሽን ዶሮ ማን ይበላዋል? ብላ ተቆጣችኝ። ጭቃውን እየረገጥኩ፣ የደራርቱን ነጭ ሸሚዝ ላለማቆሸሽ እየተጠነቀቅኩ ቤት ደረስኩ። አባዬ ከብቶቹን እያስገባ ነበር። ደነገጠ።

«ምነው፣ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«አልፌያለሁ» አልኩት። «ከዚያ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ሰበታን አለፍኩት።»

ጠጋ ብሎ ፊቴን አየኝ። ዲፌንሱ እንዴት እንደነበር፣ ምን እንደጠየቁኝ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ጥናቱን ዘረጋሁለት። ተቀብሎኝ ብብቱ ሥር አደረገውና በሩን ከፈተልኝ።

«እንግዲያው ግቢና ተኚ» አለኝ።

ተኛሁ።